ሞተር የሚነሳበት ዓረፍተ ነገር

ውድ ዴልበርት፣

ሳንባህ እንዴት ሰነበተ? የአሪዞና ደረቅ አየር እንደተስማማህ ካለፈው ረቡዕ ወዲህ ሦስት ጊዜ በስልክ ነግረኸኛል። ሦስቱንም ጊዜ የደወልኩት ሌላ ነገር ልነግርህ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየር ጠባይ አውርተን ዘጋን። እዚህ ኢንዲያና ምን ያህል በረዶ እንደጣለ አሁን ከእኔ እኩል ታውቃለህ። አርባ ዓመት ላቲን ያስተማረ ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአፉ አልወጣ ስትለው የሚቀረው መጻፍ ነው። መነጽርህን አድርግና ቁጭ ብለህ አንብብ።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ የላክሁልህ ወረቀት ደርሶሃል። አሰልጣኝ ሆልኮም ከጨዋታ በኋላ በሬዲዮ የሚናገረውን፣ ሃያ ሁለት ዓመት እንደለመድነው፣ ቃል በቃል ገልብጬ አንዱን በኢንተርኔት የደጋፊዎች ገጽ ላይ አወጣሁ፤ አንዱን ላንተ በፖስታ ላክሁ። ችግሩ ያለው «ቃል በቃል» የምትለው ላይ ነው።

የምታውቀውን ልነግርህ ነው፤ ታገሠኝ። የሳይለር ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ሲያልቅ ሰው ወደ ቤቱ አይሄድም። መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ ሞተር ሳያስነሳ፣ ካፖርቱን እንደለበሰ ሬዲዮውን ከፍቶ አሰልጣኙን ይጠብቃል። አራት መቶ መኪና ጸጥ ብሎ አንድ ሰው ሲሰማ ቤተ ክርስቲያናችን እንኳ አይቶት የማያውቅ ጨዋነት ነው። ሆልኮም ደግሞ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም መዝጊያው አንድ ነው፤ «ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል። በአሥራ ሁለት ነጥብ ስናሸንፍ እንኳ ሃያ ስላልሆነ ጥፋቱ የሱ ነው። ከዚያ አርባ ሰከንድ ያህል ስለ ትሕትና ይናገራል፣ ከዚያ የጎማ ማስታወቂያ ይመጣል። ማስታወቂያውን የሰማ ሰው ግን የለም። «የኔ ነው» ሲል አራት መቶው ሞተር ባንዴ ይነሳል።

ካንተ በቀር። ቁልፉን ጉልበትህ ላይ አስቀምጠህ «ሰውየው አልጨረሰም» ትል ነበር። ፒክአፕህ መውጫውን ዘግቶ ከኋላ ጥሩንባው ሲያንባርቅ፣ አንዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ዴልበርት! ሞተህ ነው ወይስ ተኝተህ?» ሲልህ፣ «እያዳመጥኩ ነው፤ አንተም አንድ ቀን ሞክረው» ትለው ነበር። እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ፣ የጎማውን ዋጋ ሳይቀር እጽፍ ነበር።

አንተ ከሄድክ ሁለት ክረምት ሆነ። በራሴ መኪና መሄድ ጀመርኩ። በራሱ መኪና የሚሄድ ሰው ደግሞ እግሩ ይቀዘቅዘዋል። የድምፅ መቅጃዬ ሥራውን ይሥራ ብዬ ሆልኮም ያቺን ዓረፍተ ነገር ሲጀምር ወርጄ የመስታወቱን በረዶ እፍቅ ነበር። ቤቴ ገብቼ ስገለብጥም እዚያችው ላይ ቴፑን አጠፋና በቅንፍ «የተለመደው» ብዬ እዘጋዋለሁ። አንተ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ቅንፏ ምንም አላልክም። ታምነኛለህ፤ ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ከዌስት ፎርክ ቡድን ጋር ወዳደረግነው ጨዋታ። በአንድ ነጥብ እየተመራን ስድስት ሰከንድ ሲቀር ኳሱ የልጅ ልጅህ እጅ ገባ። ጋሬት መሃል ሜዳ ላይ ቆሞ ኳሱን መሬት ያነጥራል፣ ወደ አሰልጣኙ ያያል፣ ያነጥራል። ደወሉ ሲጮህ ኳሱ እጁ ውስጥ ነበር። አልወረወረም። ሦስት ሺህ ሰው ለመጮህም ለማልቀስም ሐሳቡን ሳይወስን ቆሞ ቀረ።

ሬዲዮው ላይ መጀመሪያ የቀረበው የዌስት ፎርክ አሰልጣኝ ነበር። «የዚያን ልጅ ትዕግሥት ከልብ አመሰግናለሁ» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ሆልኮም፦ «የመጨረሻው ኳስ ጋሬት እጅ ነበር። ስድስት ሰከንድ ነበረን። አልወረወረም። ጥፋቱ የኔ ነው…» ሞተሩ ተነሳ። እኔም መፋቂያዬን ይዤ ወረድኩ።

ይህን ገለበጥኩና እንደ ልማዴ በቅንፍ «የተለመደው» ብዬ ዘጋሁት። ከሥሩ ከራሴ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ስድስት ሰከንድ ረጅም ጊዜ ነው፤ ሰው ሐሳቡን ቀይሮ መልሶ ለመቀየር ይበቃዋል።» ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ወደዳት። ሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛው ከመጣ በኋላ እንኳ ሌላ መጥቶ እንደሆን አንድ ጊዜ ገብቼ እንዳየሁ አልደብቅህም። ላንተ ከላክሁት ወረቀት ላይ ግን ያቺን መስመር አወጣኋት። ስለዚህ ምን እንዳደረግሁ አላወቅኩም ብዬ ልከራከርህ አልችልም።

ሰኞ ጠዋት ሎሬታ ቁርስ ቤት የሚሰበሰቡት ደጋፊዎች እንደ ወትሮው የኔን ወረቀት አትመው ይዘው መጥተዋል፤ ከሥሩ አስምረውበታል።

«ሆልኮም በስሙ ሲጠራው ሰማህ? ሃያ ሁለት ዓመት ተጫዋች በስም ጠርቶ አያውቅም!»

«ታጋሹ! ታጋሹ ነው ከእንግዲህ ስሙ። የዌስት ፎርኩ ሰውዬ አወጣለት።»

«ኧረ ልጁን ተዉት፤ እንቁላላችሁ እየቀዘቀዘ ነው» አለች ሎሬታ።

«አንቺ ደግሞ ጠብሰሽ እስክታመጪ ስድስት ሰከንድ ብቻ ይፈጅብሽ!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ቀልዱ ከኔ መስመር የተወለደ ስለነበር የአባትነት ነገር ሆኖብኝ።

ከዚያ ከመካከላቸው ሁለቱ ሆልኮም «ስድስት» ነው «አምስት» ነው ያለው በሚል ተጣሉና በአንድ የሎሬታ ጣፋጭ የቼሪ ፓይ ኬክ ተወራረዱ። ዳኛው እኔ ሆንኩ። ማክሰኞ ቤቴ ቴፑን ከፈትኩ። ስድስት ነው ያለው። ሻይ ልቀዳ ስነሳ ማጥፋቱን ረሳሁት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየው እስኪጨርስ ተናገረ፦

«ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ይህን ስል እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም። እጄን ጨብጬ ‹ጠብቅ› አልኩት። እጄን ስከፍት ይወረውራል፤ ልምምዳችን እንደዚያ ነው። ከዳኛው ጋር ስጨቃጨቅ እጄን ሳልከፍተው ቀረሁ። ልጁ ያዘዝኩትን አደረገ። ማንም ክፉ ቃል እንዳይናገረው እለምናለሁ።»

ከዚያ አራት ጎማ በሦስት ጎማ ዋጋ።

ረቡዕ ዕለት «እርማት» ብዬ ሙሉውን አወጣሁ። የሰው ልጅ ማስረጃ ሲቀርብለት ምን እንደሚያደርግ በመጻሕፍት ብዙ አንብቤአለሁ፤ ግን በመጽሐፍ ውስጥ ሰዎቹ በስም አያውቁህም። የመጀመሪያው መልስ «ሆልኮም እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው፤ ልጁን እየሸፈነለት እኮ ነው» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ኦርቪል የዴልበርት የልብ ጓደኛ ነው፤ ምን ይጠበቃል?» አለ። ሦስተኛው ስለ ፓይው ጠየቀ። እርማቴን አሥራ አንድ ሰው ወደዳት። አንዱ እኔ ነኝ፤ በስህተት ነክቼው።

ቅዳሜ እንደገና በሜዳችን ተጫወትን። ጋሬት ኳስ በነካ ቁጥር ተማሪዎቹ ቆመው «አንድ! ሁለት! ሦስት!» እያሉ እስከ ስድስት ይቆጥሩ ጀመር። ኳሱ እሳት የሆነ ይመስል ገና ሲደርሰው ለሌላ ያቀብላል። የኔ መስመር በትልቅ ካርቶን ላይ ተጽፎ ተሰቅሏል። ከሥሩ ስሜ አለ፤ ምንጭ መጥቀስ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ሆልኮም ሊያሳርፈው አስወጣው። ለመቀመጥ ሲሄድም ቆጠሩለት።

ከጨዋታው በኋላ መኪናዬ ውስጥ ጠበቅኩ። ሆልኮም አስቦበት ኖሮ ዛሬ መጨረሻ ላይ ሳይሆን ገና ሲጀምር ተናገረ፦ «ባለፈው ያልኩትን ልድገመው፤ ጥፋቱ የኔ ነው…» አራት መቶው ሞተር ተነሳ። ወርጄ መስታወት አንኳኳሁ። «አልጨረሰም! አልጨረሰም!» አልኩ። አንዱ መኪናዬ በረዶ ላይ የተያዘች መስሎት ከኋላ ልግፋልህ አለኝ። ሌላው «ኦርቪል፣ ሞተህ ነው ወይስ ተኝተህ?» ሲል ሰማሁ። ያንተን መልስ ልሰጠው አፌን ከፈትኩ፤ ከኔ አፍ እንደማያምር ታወቀኝና ወደ መኪናዬ ተመለስኩ።

ትናንት ሰኞ ልጅህ ማርሊን ቤት ሄድኩ። ጋሬት ግቢው ውስጥ የመኪና ዘይት እየቀየረ ነበር። ነገርኩት፤ ቅንፏን፣ መስመሯን፣ መፋቂያውን፣ ሁሉንም።

«አውቃለሁ፣ ሚስተር ፔቲት» አለኝ ከመኪናው ሥር ሳይወጣ። «አሰልጣኙ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ነግሮኛል። አልቅሷል እንኳ።»

«ታዲያ ለምን ለሰው አትናገርም?»

«ለማን? እርስዎ ጽፈውት ምን አሉ?»

ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ትናንት ጥርሴን ስፍቅ ስቆጥር አገኘሁት ራሴን። ስድስት ስደርስ ተፋሁት» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። «እሁድ ጠዋት ሚዙሪ አጎቴ ዘንድ እሄዳለሁ። እዚያ ያለው ኮሌጅ ቡድን እንኳ የለውም። ይሻላል።»

«ሰው እኮ ይረሳል፣ ጋሬት።»

«እዚህ?» አለኝ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሦስት ሁለት ቅጣት ምት የሳተውን ሰውዬ ስም ሁለታችንም እናውቀዋለን። ጋሬት የተወለደው ከዚያ ሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።

ከዚያ ያለው ነው ለዚህ ደብዳቤ ያደረሰኝ። «ሕዝቡ ይቆጥር፤ ግዴለም። ዓርብ አያቴ ደውሎ ‹ለምን አልወረወርክም?› አለኝ። አያቴ ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ነበር የሚያዳምጠው። አሰልጣኙን መክሰስ አልፈለግሁም። ‹ጥፋቱ የኔ ነው፣ አያቴ› አልኩት። ‹በል እንግዲህ› አለና ዘጋው።»

ዴልበርት፣ አንተ እስከ መጨረሻው አዳምጠሃል። የላክሁልህን ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር ነው ያነበብከው። መጨረሻውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ልለምንህ ብዬ ስጀምር ምን እንደምለምንህ አላውቅም። ይህ ደብዳቤ በፈጣን ፖስታ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ይደርስሃል አሉኝ፤ በዚህ በረዶ ግን የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ስትነግረኝ ዓይኔን አላየችኝም። ከደረሰህ ለልጁ ደውልለት። እሁድ ጠዋት ይሄዳል። እንዲቀር አታደርገውም፤ ማንም አያደርገውም። የጠየቅከውን ጥያቄ ግን አንተ ብቻ ነህ መልሰህ ልትወስድለት የምትችለው። ለምን ራስህ ደውለህ አልነገርከኝም አትበለኝ፤ አሥር ጊዜ ብደውል አሥር ጊዜ ስለ በረዶ እንደምነግርህ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚህ ጋር የዌስት ፎርኩን ቀን ሙሉ ግልባጭ አያይዣለሁ። ሳሉ፣ ዝምታው፣ የጎማው ዋጋ፣ ምንም አልቀረም። ቅንፍ የለበትም።

ጥፋቱ የኔ ነው። ቁልፉን ጉልበትህ ላይ አድርገው፣ ዴልበርት፤ ዛሬ ይህን ስል እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም።

ኦርቪል ፔቲት