ስድስት ሳጥን በአባቴ መቃብር ላይ

ለተከበሩ የመካነ መቃብሩ አስተዳደር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ እኔና እናቴ ደህና መሆናችንን፣ አባቴም በእጅዎ ከገባ ወዲህ አንድም ቅሬታ እንዳላሰማ በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ቅሬታው የእኔ ነው።

በእጅ የሚቀረጽ ድንጋይ ኋላ ቀር መሆኑን ተረድተው በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን ስላስገቡልን፣ ሌላ ቀራጭም በግቢው ዝር እንዳይል ስለከለከሉልን ውለታዎ አለብን። የአባቴን ስም ከነአባቱ በቢሮዎ አስመዘገብን፤ ስክሪኑ ላይም ጥርት ብሎ ታየ። የተተከለው ድንጋይ ግን እንዲህ ይላል፦

□□□ □□□

እናቴ አየት አድርጋው፣ «ሰውዬው ዕድሜ ልኩን በአንዲት የኪራይ ክፍል የሰው ፀጉር ሲያስተካክል ኖሮ፣ አሁን ስድስት ክፍል ሰጡት?» አለች። ስቀን ተመለስን። ቤት ስንገባ ግን አለቀሰች። እናቴ ፊደል የቆጠረችው እኛን ወልዳ ካሳደገች በኋላ ነው፤ በገዛ እጇ መጀመሪያ የጻፈችውም የባሏን ስም ነበር። ያንን ስም ድንጋዩ ላይ ማንበብ ትፈልጋለች፤ ሌላ ምንም አትፈልግም።

ስለዚህ ውድ ጊዜዎን ባልሻማ፦

፩. የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነው የእህቴ ባል እንደነገረኝ፣ እያንዳንዱ ፊደላችን ኮምፒውተር የሚያውቀው የራሱ ቁጥር አለው። የአባቴ ስም ቁጥሮች ከቢሮዎ እስከ ማሽኑ አንድም ሳይጎድል ደርሰዋል፤ ማሽኑ ላይ ግን የፊደሎቹ ቅርጽ ስላልተጫነ፣ «እዚህ ጋ የማላውቀው ነገር አለ» ለማለት ሳጥን ሣለ። በግቢዎ ውስጥ አላውቅም ለማለት የደፈረ እስካሁን ያገኘሁት እሱን ብቻ ነውና፣ እባክዎ ዕድገት ይስጡልኝ።

፪. ብንመላለስም ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብን። የክፍል ኃላፊዎ «እኛ ስክሪን ላይ ትክክል ነው» ከማለት ንቅንቅ አላሉም። እንዲያ ከሆነ እናቴ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ የምታለቅስበት አንድ ወንበር ይፈቀድላት።

፫. በዚያ ሰሞን የተተከሉት ድንጋዮች ሁሉ ሳጥን በሳጥን ናቸው። አንድ ቀን አንዲት የማናውቃት ሴት አባቴ መቃብር ላይ ተደፍታ ስታነባ ደረስን። እናቴ ሟች ባሏን በስተርጅና ልትጠረጥረው ምንም አልቀራት፤ ኋላ ነገሩ ገብቷት፣ «የኔ እህት፣ ያንቺው ወዲያኛው ይሆን እንዴ?» አለቻት። ሁለቱም መቃብሮች ባለ ስድስት ሳጥን ስለሆኑ፣ ሴቶቹ ተያይዘው ለሁለቱም አለቀሱ። ጎረቤት ስላፈሩልን እናመሰግናለን።

፬. እናቴ ከሰል ይዛ ሄዳ በየሳጥኑ ውስጥ ፊደሎቹን ጻፈችባቸው። ዝናብ ሲያጥበው እንደገና ትጽፋለች። ስድስት ፊደል ማስጫን ያቃተው ቢሮዎ፣ «ንብረት በማበላሸት» የሚል ማስጠንቀቂያ ለመላክ ግን ሳምንት አልፈጀበትም፤ ቅልጥፍናው አስደንቆናል።

ልመናዬ አጭር ነው። ፊደሉን ማሽኑ ላይ ያስጭኑ፤ የእህቴ ባል በነፃ እሠራዋለሁ ብሏል። ድንጋዩንም በጀርባው በኩል ያስቀርጹልን። ነገሩን በቀልድ መጻፌ ስላላዘንኩ አይደለም፤ እናቴ ዓይኗ እየደከመ ነው፣ እኔም ሳይረፍድባት ብዬ ቸኩያለሁ።

ወንበርዎ እንዳይጎረብጥዎ፣ ማኅተምዎም እንዳይደርቅብዎ ከልብ በመመኘት፣
ከሁለቱ ባለ ስድስት ሳጥን ሟቾች የአንደኛው ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለእናቴ የተላከው የማስጠንቀቂያ ቅጽ ላይ፣ በስም መሙያው ቦታ □□□ □□□ የሚል ታትሟል። እናቴም፣ «ይሄማ የባሌ ስም ነው፤ የሰው ደብዳቤ አልቀበልም» ብላ ወስዳ ድንጋዩ ሥር አኑራለታለች። ቅጹ ባለስሙ በአሥር ቀን ውስጥ ቀርቦ መልስ እንዲሰጥ ያዝዛል። መልስ ከሰጠዎ እባክዎ ለእኛም ያሰሙን፤ ድምፁ ናፍቆናል።