አስታማሚ ስለማጣቴ ለአለርጂ ክሊኒኩ ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ የአለርጂ ክሊኒክ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም፤ ሰው ታሞ ወደ እርስዎ ክሊኒክ ሪፈር ሲባል የሚደርስበትን ስለማውቅ፣ ጉንፋን እንኳ ደጅዎን እንዳይረግጥ ከልቤ እለምናለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የልብስ ስፌት መምህር ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን እኖራለሁ። አንድ ልጄ ሌላ ከተማ ነው ያለው፤ ሥራ ቀለል ሲልለት ይደውልልኛል።

አንድ ምሽት እራቴን እየበላሁ ሳለ ከንፈሬ አብጦ ጉሮሮዬ ይዘጋ ጀመር። እንደምንም ደረጃውን ወርጄ ምድር ቤት ያለው ባለሱቅ ደጃፍ ላይ ስወድቅ፣ እሱ ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ በታክሲ ጤና ጣቢያ ድንገተኛ ክፍል አደረሰኝ። ያከመችኝ ወጣት ሐኪም፣ እግዜር ይስጣትና፣ የጎዳኝ የትኛው ምግብ እንደሆነ በእርስዎ ክሊኒክ ተመርምሮ እስኪታወቅ ድረስ ብቻዬን እንዳልበላ አጥብቃ መከረችኝ፤ ዳግመኛ ቢነሳብኝ ያን ደረጃ ለመውረድ ጊዜ ላላገኝ እችላለሁ። ምክሯ ግሩም ነው። ከማን ጋር እንደምበላ ግን አልነገረችኝም።

ስለዚህ በሬን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ወንበሬን ደፉ ላይ አስቀምጬ፣ ሳህኔን ጭኔ ላይ ይዤ መብላት ጀመርኩ፤ ብወድቅ አላፊ አግዳሚው ያየኛል በሚል ተስፋ ነው። የፊት ለፊት ጎረቤቴ ወጪ ወራጁን የምሰልል ስለመሰላት ባየችኝ ቁጥር በሯን ጠርቅማ ትገባለች። ምክንያቱን ልነግራት ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር፤ ግን አንድ ሽማግሌ ሰው አፍ አውጥቶ ስበላ እዪኝ ሊላት ነው? ተውኩት።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ሪፈር ወረቀቱ። ጤና ጣቢያው የጻፈልኝ ወረቀት የሚያገለግለው ለሦስት ወር ሲሆን፣ ካርድ ክፍልዎ የሰጠኝ ቀጠሮ ደግሞ በአምስተኛው ወር ላይ ነበር። በቀኔ ስደርስ ወረቀቱ ጊዜው አልፎበታል ተብዬ ተመለስኩ፤ አዲስ ሳመጣም፣ አዲስ ወረቀት የያዘ አዲስ ታካሚ ነው ተብዬ ከወረፋው ጭራ ገባሁ። በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ተብዬ መጠራቴን በትሕትና ተቀብያለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርመራው ዝግጅት። ከቆዳ ምርመራው በፊት የምወስደውን የማሳከክ ማስታገሻ ኪኒን ለሳምንት እንዳቆም ታዝዤ አቆምኩ። ሳምንቱን ሙሉ ገላዬን ስፈገፍግ ሰንብቼ ብመጣ መርማሪዋ የዓመት ፈቃድ ላይ ናት ተባልኩ። ቀድሞ ማሳወቅ አይቻልም ነበር ወይ ብዬ ጥበቃውን ብጠይቀው፣ አባባ፣ ዋናው ጤና ነው ብሎ አጽናናኝ። እንዲህ ያለ ጥበቃ ስለቀጠሩልን እናመሰግናለን።

ሦስተኛው ግን ልቤን የነካኝ ነው። ምርመራው ራስን ሊያስት ስለሚችል አስታማሚ ያልያዘ ታካሚ አይገባም ይላል ደንብዎ። ደንቡ ልክ ነው፣ አልከራከርም። ባለሱቁን እንዳልለምነው፣ እኔን ሊያደርስ በሄደበት ሱቁ ተዘርፏል። ልጄ ፈቃድ ከለከሉኝ አለኝ፤ አምኜዋለሁ፣ ማመኑ ይሻለኛል።

እንደ እኔው አስታማሚ አጥተው ከበር ተመልሰው አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጡ አንዲት ሴት ነበሩ። ሐኪሙ ድመታቸውን እንዲያስወጡ ቢያዛቸው፣ የምኖረው ከሐኪሙ ጋር ነው እንዴ ብለው እምቢ ያሉ ሰው ናቸው። ታዲያ እኔ ለእርስዎ፣ እርስዎ ለእኔ አስታማሚ ብንሆንስ አሉኝ። የካርድ ክፍሏ ልጅም፣ መቼም ለደግነቷ ወደር የላትም፣ አብራችሁ ናችሁ ብላ ሁለታችንንም ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ቀጠረችን። የቀጠሮው ዕለት ሸሚዜን ተኩሼ ሄድኩ። ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠን ስናወጋ፣ እውነቱን ልንገርዎትና፣ ተራችን ባይደርስ ደስ ባለኝ ነበር። ደረሰ። ነርሷ ታካሚው ማነው፣ አስታማሚውስ ማነው ብላ ጠየቀች። ሁለታችንም ሁለቱንም ነን አልን። ካርድ ያለው ሰው አስታማሚ ተብሎ አይመዘገብም ተባለና፣ የየራሳችንን ሰው ይዘን በተለያየ ቀን እንድንመጣ ታዘዝን። በሩ ላይ ስንለያይ ስልካቸውን ልጠይቃቸው አፍሬ ቀረሁ። ከማሳከኩም ከጉሮሮዬም ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ ከሰው ጋር ያን ያህል ተቀምጬ አላውቅም፤ ያን ጠዋት ያገኘሁት በእርስዎ መሥሪያ ቤት ብልሹ አሠራር ነውና ለዚህኛው ምስጋናዬ ሽሙጥ የለበትም።

ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ ወንበር፣ እራት በቀረበ ቁጥርም ዙሪያዎን የሚሞላ ቤተሰብ እየተመኘሁ፣ በአክብሮት ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ደጃፉ ላይ የሚበላው ታካሚዎ

ማሳሰቢያ፦ ለአዲሱ ቀጠሮዬ የአስታማሚ ስም የሚለውን ቦታ ባዶ መተው ስለማይቻል እርስዎን ሞልቻለሁ። ጸሐፊዎ እንደ ልማዷ ሳታነብ ማኅተም ስላደረገችበት ጉዳዩ ሕጋዊ ሆኗል። ሰኞ ጠዋት አግዳሚው ላይ ከጎኔ ቦታ ይዤልዎት እጠብቃለሁ። እባክዎ አይቅሩብኝ፤ ሌላ ሰው የለኝም።