የጋቢናው ቃል

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ምናልባት ከእውነቱ ተቀንሶለት እንደሆነ እንጂ አንዲት ቃል አልተጨመረበትም። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ቀድሞ ነገሩ አልታመን ሲል «ወንድሜ ይሙት» ብሎ ይምል ነበር። ዛሬ ያ መሐላ አያገለግለውም። ስለዚህ በራሱ ይምላል፤ የቆማችሁም የተቀመጣችሁም ስሙት።

አንጋፋው የመጽሔት አዘጋጅ ከጭነት መኪና ሾፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። የተወለዱት ግን በቤትም በሐኪም ቤትም አይደለም። እናታቸው ምጥ ሲይዛቸው አባታቸው በጭነት መኪናው ጋቢና አስቀምጠው ወደ ሐኪም ቤት ይበሩ ነበር፤ ልጁ ግን መኪናው እስኪቆም መታገሥ አልሆነላቸውምና እዚያው ጋቢና ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ከተፍ አሉ። አባታቸው ፍሬን ሲይዙ አለቀሱ፤ ነዳጅ ሲሰጡ ዝም አሉ። የቀረው ሕይወታቸውም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

መዳህን ዘለው መሮጥ ጀመሩ። ትምህርታቸውን በሦስት ትምህርት ቤቶች ተከታትለው በሦስቱም አንደኛ ወጡ። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይችሉ ወንበራቸው ሲንቋቋ ይውል ነበርና አንድ መምህር፣ ይህ ልጅ ወይ ታላቅ ሰው ይሆናል ወይ ወንበሬን ይጨርሰዋል ብለው ነበር፤ ሁለቱም ሆነ። በዐሥራ ሰባት ዓመታቸው የአባታቸው መኪና ፍሬን በጥሶ ቁልቁል ሲንደረደር ዘለው ገብተው በማርሽ ብቻ አቆሙት። በላዩ አርባ ሰው ተሳፍሮ ነበር። አራት ነበሩ የሚል ካለ በደንብ አልቆጠረም።

ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሱ በመኪና መለዋወጫ መደብር ጸሐፊ፣ ቀጥሎም በአንድ ጋዜጣ አራሚ ሆነው ሠሩ። በሁለቱም ቦታ እግራቸው እሳት የረገጠ ይመስል ነበር። መደብሩ ውስጥ ሳሉ ስለ ጋዜጣ ያወራሉ፤ ጋዜጣው ቤት ሲገቡ ስለ ካርቡራተር። በሃያ ስምንት ዓመታቸው በአንድ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ግቢ ውስጥ ከባለቤታቸው ጋር ተዋወቁ። ወደ ግቢው የሄዱት አሠልጣኞቹን ሊያሠለጥኑ ነበር። ባለቤታቸውም የግቢው ሠራተኛ ነበሩ፤ ምን ይሠሩ እንደነበር ታናሽየው በትክክል አያስታውስም። በአራተኛው ወር ተጋቡ።

በሠላሳ አንድ ዓመታቸው፣ መኪና ለሚወዱ ሰዎች የሚታተመውን ወርሃዊ መጽሔት ከባለቤታቸው ጋር መሠረቱ። በዓለም የመጀመሪያው ነው ለማለት ማስረጃ ባይኖርም፣ አይደለም የሚልም እስከ ዛሬ ማስረጃ አላመጣም። ቢሮው ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። ከታች የጎማ መንፊያው ሞተር በተነሣ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ በየጠረጴዛው እግር ሥር የጎማ ቁራጭ ተደርጎ ነበር። የታረሙት ገጾች ከግድግዳ ግድግዳ በተዘረጋ ሽቦ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቀላሉ። ሰውየው በእነዚያ ገጾች መካከል እርሳስ በጆሯቸው ሰክተው ሲመላለሱ ይውላሉ። ወንበር ላይ የተቀመጡት ለፎቶግራፍ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ዘመን የሚቆጥሩትም በእትም ሆነ፤ ወንድ ልጃቸው በዘጠነኛው እትም፣ ሴት ልጃቸው በአርባ አንደኛው ተወለዱ።

መጽሔቱን መጽሔት ያደረገው አንድ ሕግ ነበር። ማንኛውም መኪና ከመወደሱ ወይም ከመነቀፉ በፊት መቶ ኪሎ ሜትር ይነዳል። የነዳው ሰው ረጅሙን ጽሑፍ ይጽፍና ከሥሩ «ሾፌር» ብሎ ይፈርማል። ጋቢና የተቀመጠው ደግሞ በመጨረሻ ሦስት መስመር ያስገባና «ጋቢና» ብሎ ይፈርማል። በእነዚያ ሦስት መስመሮች ላይ ሾፌሩ አንዲት ፊደል መንካት አይችልም፤ ቢዋረድም፣ ውሸታም ቢባልም። አንድ ጊዜ ሾፌሩ ስለ አንድ የቤት መኪና ስድስት ገጽ ሙሉ ካወደሰ በኋላ ጋቢና፣ ወንበሩ ምቹ ነው፤ መኪናው ተበላሽቶ ሁለት ሰዓት ስለተቀመጥንበት በደንብ አውቀዋለሁ ብሎ ዘጋው። አንባቢ መጽሔቱን ገዝቶ መጀመሪያ የሚገልጠው እነዚያን ሦስት መስመሮች ነው ይባላል። ይህ በሾፌሩ ላይ የተፈጸመ ግፍ ነው፤ ታናሽየው ሁልጊዜም እንዲህ ይላል።

ታላቅ ወንድሙ የነዱት መንገድ ቢገጣጠም ምድርን ዐሥራ አንድ ጊዜ ይዞራል። አስፋልት ያረጀው በእሳቸው ጎማ ነው። ኪሳቸው ቀዳዳ ስለነበር የመኪናው ቁልፍ ዘወትር በባለቤታቸው ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ባለቤታቸውን በመሪው በኩል አየናቸው የሚሉ ሰዎች አልጠፉም፤ እነዚህ ሰዎች መነጽር ያስፈልጋቸዋል።

እንዲህ ሲሉ ሃያ ዘጠኝ ዓመታት አለፉ። ሁሉም ሰው የሚጠይቀው፣ በቤቱ ውስጥ ግን ማንም የማያነሣው ነገር መጽሔቱን ማን ይረከባል የሚለው ነበር። ወንድ ልጃቸው ዛሬ ስመ ጥር መካኒክ ነው፤ እኔ መኪና እጠግናለሁ እንጂ አላወራም ብሎ ገና በጠዋቱ ተገላግሏል። ሴት ልጃቸው በአንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የተጋጩ መኪኖችን ትገምት ነበር፤ ከሥራ ስትወጣ ግን በየቀኑ ደረጃውን ወጥታ ገጾቹን ታርማለች። አባት ያረመችውን መልሰው ያርማሉ። እርሳሷን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ያዛውራሉ። የሰቀለችውን ገጽ አውርደው፣ አንብበው፣ መልሰው እዚያው ይሰቅላሉ። ልጅ ማመን እንደ ቁጭ ማለት ነው የሚከብዳቸው፤ አንድ ቦታ ካላረፉ እንዴት ይለቃሉ?

በሦስት መቶ ሃምሳ ሁለተኛው እትም ወር ልጅቱ በሌላ ከተማ የዋና ገማችነት ሥራ አገኘች። እስከ ዓርብ መልስ ስጪ ተባለች። ሰኞ ዕለት ሽቦው ሥር ቆማ ጠየቀቻቸው።

«አባዬ፣ መጽሔቱን መቼ ነው የምትሰጠኝ?»

«ስቆም።»

«አንተ መቼ ቆመህ ታውቃለህ?»

አባት መመላለሳቸውን ቀጠሉ። ማክሰኞና ረቡዕ ምግብ አልበላ አላቸው፤ ቢሮውን ከዳር እስከ ዳር ሲለኩት ከታች ያለው ጎማ ጠጋኝ ጣሪያው ሊወርድብኝ ነው ብሎ በዱላ መታ። ልጅቱም ሻንጣዋን ከቁም ሣጥን ላይ አወረደች።

ሐሙስ ጠዋት የሆነውን ግን ታናሽየው በሁለት ዓይኑ አይቶታል። ታላቅ ወንድሙ ቤተሰቡን በቤቱ መኪና ጭነው ወደ ጠመዝማዛው የተራራ መንገድ አቀኑ። ልጅቱ ጋቢና፣ እናትና ታናሽየው ከኋላ። ፍጥነቱ መቶ ሰማንያ ደረሰ፤ የመቁጠሪያው ቀስት ከዚያ በላይ ቦታ ስላልነበረው ነው እንጂ። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ታላቅ ወንድሙ ሁለት እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሡና «ያዢው፣ ያንቺ ነው» አሉ። ልጅቱ ከጋቢና ተወርውራ መሪውን ያዘች። ሦስት ኩርባ ሙሉ አባት ነዳጅ እየሰጡ፣ ልጅ እየመራች፣ አንድ መኪና በሁለት ሰው ሄደ። ታናሽየው ፀጉሩ የሸበተው ያን ጠዋት ነው። ከተራራው ሲወርዱ መጽሔቱ አዲስ አርታኢ ነበረው።

ልጅቱም አላሳፈረቻቸውም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ወር ሳይዘል መጽሔቱ ወጥቷል። አባቷ ደረጃውን በየቀኑ እየወጡ፣ ምንም አልነካም እያሉ፣ ሁሉንም ነክተዋል።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደከመ። ሐኪሞች ዕረፍት አዘዙላቸው፤ ይህም ዓሣን ውኃ ከልክሎ ዳን እንደማለት ነው። ሆስፒታል በተኙበት የመጀመሪያ ቀን ነርሷን ጠርተው የአልጋው የኋላ ግራ ጎማ ቅባት እንደሚያስፈልገው ነገሯት። በሁለተኛው ቀን ታናሽየው ዘይት ይዞ ገብቶ ቀባው። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ ቀኝ እግራቸው ከብርድ ልብሱ ሥር ነዳጅ ይሰጥ ነበር። የአራት መቶ ሰማንያ ስምንተኛው እትም ገጾች ሽቦ ላይ ተሰቅለው ሳሉ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንዲቷ ብቻ የምትነሣ አራት መኪኖችንና ይህን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ዕረፍትን ኖረውበት አያውቁምና ፈጣሪ ቀስ እያለ ያልምዳቸው። ለምናለቅስላቸውም መጽናናቱን ይስጠን።

ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። አርታኢዋ ልጃቸው ግን፣ የመጽሔቱ ሕግ ለቆመም ለሞተም አንድ ነው፤ አጎቴ እንደ ሾፌር ከጻፈ እናቴ እንደ ጋቢና ትጻፍ ብላለች። ሕጉ ሕግ ስለሆነ ታናሽየው ከዚህ በታች አንዲት ፊደል አልነካም። ከሦስት መስመር እንዲበልጥ የፈቀደችው አርታኢዋ ናት።

ዋርሳዬ ይህን የጻፈው ወንድሙን ስለሚወድ ነው፤ አልተቀየምኩትም። ጋቢና ውስጥ መወለዱ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እንዲህ አልነበረም። ባለቤቴ መኪና መንዳት አይችልም ነበር። በዚያ ግቢ ውስጥ አስተማሪዋ እኔ ነበርኩ፣ እሱ ተማሪዬ። አራት ጊዜ ተፈትኖ ወደቀ፤ በአራተኛው ሞተሩን ላዳምጥ ብሎ መሀል መንገድ ላይ አቁሞ ወረደ። አርባ ዓመት የነዳሁት እኔ ነኝ፤ ረጃጅሙንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስቱ መስመር የእሱ ነበር። ሰው መጽሔቱን የሚገዛው ለእነሱ ብሎ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ያን ሐሙስ ተራራም ፍጥነትም አልነበረም፤ ዋርሳዬም አልነበረም። ቁልፉን ይዤ ወደ መኪናው ስወርድ ባለቤቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አገኘሁት። ልጄ ልትሰናበተን መጣች። ጋቢናውን ባዶ አየችና «አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አለችው። «ግቢና ተቀመጪ፣ እናትሽን አታስቆሚ» አላት። ገባች። ያን ቀን ሦስቱን መስመር እሷ ጻፈች፤ እሱ አንብቦ መልሶ ሰቀለው፣ አላረመውም። ዓርብ ዕለት ለዚያኛው ከተማ መሥሪያ ቤት ደውላ አልመጣም አለቻቸው።

ሆስፒታልም ነዳጅ አልሰጠም። ፍሬን ነበር የሚረግጠው። ጋቢና ፍሬን የለውም፤ እሱ ግን እኔ በነዳሁ ቁጥር ይረግጥ ነበር። የቤታችን መኪና ምንጣፍ በጋቢናው በኩል በቀኝ እግሩ ልክ ተበልቷል። ልቀይረው ብዬ ነበር። ልጄ እግሯን እዚያ ላይ አድርጋ፣ ተዪው አለችኝ።