የእግርሽ ውሃ

ይድረስ ለልጄ ለህሊና። እመቤቴ ማርያም በሄድሽበት ጥላ ከለላ ትሁንሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ገብሱ አሽቷል፤ ጥቁሯ በግ መንታ ወልዳለች።

ወንድምሽ ደመላሽ በስልኩ አየና፣ ከአዲስ አበባ ሜልቦርን አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አውሮፕላኑ ራሱ አንድ ቀንና ሌሊት ያህል ይፈጅበታል አለኝ። ታዲያ አንቺ በየማታው እንዴት ትደርሺያለሽ?

ከሄድሽ ወዲህ አንጀቴ አልችል ብሎኝ፣ ለመንገደኛ እንደሚደረገው ማታ ማታ የእግር ውሃ ደጃፉ ላይ አኖርልሻለሁ። በጎቹ ሲገቡ ውሻችን ጭራውን እየቆላ ወደ በሩ ይሮጣል፤ ብወጣ ማንም የለም። ጠዋት ውሃው ደፍርሶ፣ ከሥሩ ነጭ አሸዋ ዘቅጦ አገኘዋለሁ። በመንዝ እንዲህ ያለ አሸዋ የት አለ? ደመላሽ በጣቱ ነካ አድርጎ አየውና፣ “የባሕር ነው” አለኝ።

የንስሐ አባታችንን አላማከርኳቸውም፤ ጸበል ረጭተው እንዳያስቀሩሽ ፈራሁ።

በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ፣ እዚያም እዚህም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ ልጄ፤ ስትተኚ ጫማሽን አታውልቂ። የኛ መንገድ ድንጋይ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ የዛሬው ውሃ ደም ነበረው።

እናትሽ ጌታነሽ