የላይኛው ቤት ባዶ ረድፍ፦ ስለ ባለጣሳዋ ባልደረባችን ዕረፍት የወጣ መግለጫ

ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ለጣቢያው ሠራተኞች፣ ለአርሶ አደሮች ማኅበር አባላትና ለአካባቢው ነዋሪዎች በሙሉ

የግብርና ምክር ጣቢያችን የማሳ ምክር ክፍል ኃላፊ፣ አብዛኛው ሰው በስማቸው ሳይሆን «ባለጣሳዋ» እያለ የሚጠራቸው ባልደረባችን፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው አርፈዋል። የጣቢያው አመራርና ሠራተኞች ሐዘን ከልብ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ «ይሄ ለምን ሆነ?» እያሉ ከቢሮ ቢሮ ሲዞሩ የኖሩ ሰው ዛሬ የሉም፤ ኮሪደሩም ጭር ብሏል።

እንዲህ ያሉ መግለጫዎች ሟችን ከስህተት የነጻ አድርገው ማቅረብ ይወዳሉ። ባልደረባችን ግን እንዲያ ያለ ጽሑፍ እጃቸው ሲገባ «ታዲያ ይሄ ሰው አንድም ቀን አልተሳሳተም?» ብለው ጠርዙ ላይ በእርሳስ ይጽፉ ነበር። ስለዚህ የሠሩትን ስናነሳ የተሳሳቱትንም እናነሳለን። በስህተቱ ውስጥ ጣቢያውም ድርሻ አለው።

በ1991 ዓ.ም. ጣቢያውን ሲቀላቀሉ የተመደቡት በዘር መጋዘን ረዳትነት ነበር። ቀደም ሲል የአንደኛ ደረጃ የሳይንስ መምህርት ስለነበሩ መዝገብ መያዝ ብቻ አልበቃቸውም። ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከአንድ ቦታ ከመጡ ሁለት ጆንያ የቦሎቄ ዘሮች አንዱ ደህና ሲበቅል ሌላው ለምን እንደሚሰንፍ ጠየቁ። እርሳቸው ከየጆንያው ሃምሳ ሃምሳ ፍሬ ቆጥረው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በቢሮው መስኮት ላይ ደረደሩ። የመጋዘኑ ኃላፊ «መስኮቱ ማሳ ሆነ» ብለው ቢያማርሩም በአሥረኛው ቀን ባልደረባችን የበቀለውን ቆጥረው የየጆንያውን ቦታ ሲያጣሩ ምክንያቱ ታወቀ፤ ደካማው ዘር የተከመረው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚያግለው የቆርቆሮ ግድግዳ ሥር ነበር። ጆንያዎቹ ወደ ተቃራኒው ግድግዳ ተዛወሩ። ዛሬም እዚያው ናቸው።

በ2000 ዓ.ም. ጥያቄያቸው ወደ ራሳችን በር መጣ። ጣቢያው በየዓመቱ በሩ ላይ የሚለጥፈው የዘር ጊዜ ሰሌዳ ነበረው፤ በቆሎ በዚህ ቀን፣ ማሽላ በዚያ ቀን ይዘራ የሚል። ዝናቡ ግን ሰሌዳውን ማንበብ ካቆመ ሰንብቶ ነበር። አንዳንድ ዓመት ይዘገያል፣ አንዳንድ ዓመት ቀድሞ መጥቶ መሃል ላይ ይጠፋል፤ በተባለው ቀን የዘራ ሰው ዘሩ አፈር ውስጥ ደርቆ ይቀርበታል። ባልደረባችን ሰሌዳውን ያዘጋጀው ማን እንደሆነ በደብዳቤ ጠየቁ። ጣቢያው ለአራት ወራት መዛግብቱን አገላብጦ የደረሰበት ነገር ቢኖር የዘንድሮው ከአምናው፣ የአምናው ከካቻምናው መገልበጡን ብቻ ነው። የመጀመሪያው አዘጋጅ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሰሌዳው ከበሩ ወረደ።

ሰሌዳው ሲወርድ በምትኩ ምን ይሰቀል የሚለው ጥያቄ ተነሳ። በ2002 ዓ.ም. መልሱን በባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዘው መጡ። በያጅ የሆኑት ባለቤታቸው የጣሳዎቹን አፍ ሞርደው፣ ከአጥር ምሰሶ ጋር የሚይዛቸውን ቀለበት ሠሩላቸው። አርባ አንድ ጣሳ በአርባ አንድ አጥር ላይ ተሰቀለ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተማሪ ማስመሪያ ጣሳው ውስጥ አቁሞ የዝናቡን ልክ በደብተር ይጽፋል፤ እርሳቸው በወሩ መጨረሻ በጣቢያው ሞተር ብስክሌት ዞረው ይሰበስባሉ። መጀመሪያ ላይ ሰው ሳቀ። መንግሥት በዝናብ ላይ ግብር ሊጥል ነው ያለም አልጠፋ። «ባለጣሳዋ» የሚለው ስም የወጣላቸው ያኔ ነው፤ ስሙን ወደውት ነበር። አንዲት አርሶ አደር የጣሳዋን ውሃ ዶሮ ስለጠጣችባት የዕለቱን ልክ ምን ብላ እንደምትጽፍ ስትጠይቅ ሌሎቻችን ሳቅን። እርሳቸው ግን ዶሮ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደምትጠጣ ለማወቅ ግማሽ ቀን በሴትዮዋ ግቢ አሳለፉ። ከዚያ በኋላ ለጣሳዎቹ ሁሉ የሽቦ ወንፊት ተሠራላቸው።

ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የጣቢያው ምክር በቀን መቁጠሪያ መሆኑ ቀርቶ በጣሳ ሆነ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ሃያ ሚሊሜትር ሳይሞላ በቆሎ አይዘራም። ከዚሁ ጋር ቶሎ የሚደርስ ዘር መጠቀም፣ በቆሎና ቦሎቄን አሰባጥሮ መዝራት፣ አፈሩን በበቆሎ አገዳ ማልበስ ተስፋፋ። ባልደረባችን «አድርጉ» ማለት አይወዱም ነበር። ማሳችሁን ለሁለት ክፈሉት፣ አንዱን አልብሱት፣ ሌላውን ተዉት፣ ዝናብ በቆመ በሳምንቱ ጣታችሁን በሁለቱም አፈር ውስጥ ክተቱና ንገሩኝ ይሉ ነበር። አገዳው የከብት መኖ ስለሆነ ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ግማሹ ለከብቱ፣ ግማሹ ለአፈሩ የሚለው ስምምነት የተገኘው ከሦስት ስብሰባ በኋላ ነው።

በ2007 ዓ.ም. በማሳ ጥግ የተቆፈሩት የውሃ ማቆሪያ ጉድጓዶች ውሃቸው ቶሎ ሲጎድል፣ አንዳንዱ ፀሐይ ወሰደችው፣ አንዳንዱ አፈር ጠጣው እያለ ይከራከር ጀመር። ባልደረባችን አንዱን ጉድጓድ በሣር አለበሱ፣ የሌላውን ወለል በፕላስቲክ አነጠፉ፣ ሦስተኛውን እንዳለ ተዉት። ሁለቱም ወገኖች ትክክል ሆነው ተገኙ፤ ማንም ደስ አላለውም። ጉድጓዶቹ ግን ከታችም ከላይም ተሸፈኑ። ዝናብ ባጠረባቸው ሁለት ዓመታት በታችኛውና በመካከለኛው ሰፈር ምርት ሰብስቦ የገባ ቤተሰብ ሁሉ ለዚህ ሥራ ምስክር ነው።

አሁን ወደ 2010 ዓ.ም. እንመጣለን። በዚያ ዓመት ጣቢያችን የጣሳውን ምክር ወደ ላይኛው ሰፈር አወጣው። ምክሩ የተጻፈው በባልደረባችን እጅ ነው፤ የላይኛው ሰፈር ሰዎች ጣሳው የተባለውን ልክ እስኪያሳይ እንዲጠብቁ ይላል። ከመካከላችን አንድም ሰው ያላስተዋለው ነገር፣ ጣሳዎቹ በሙሉ የተሰቀሉት ሞተር ብስክሌት በሚደርስበት ቦታ ብቻ መሆኑን ነው። ወደ ላይኛው ሰፈር ከሚያሻግረው ድልድይ ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ነው፤ ስለዚህ ከድልድዩ ወዲያ ጣሳ አልነበረም። የላይኛው ሰፈር የታችኛውን ዝናብ ሲጠብቅ የራሱ ዝናብ መጥቶ ሄደ። ምክራችንን የተከተሉ የአሥራ ሰባት ቤተሰቦች በቆሎ ሳያፈራ ቀረ።

ከአሥራ ሰባቱ አንዱ ከሁሉም በላይ፣ ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ያለው ቤት ነው። አባወራው ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድመው ባልደረባችንን ያመኑ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው አሁን እንዝራ ብለው ቢወተውቱ እንኳ «ባለጣሳዋ ጠብቁ ብላለች» ብለው አስቁመዋቸዋል። ባልደረባችን አሥራ ሰባቱንም ቤት በእግራቸው እየዞሩ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ። በአሥራ ስድስቱ ቤት የተቆጣም ያለቀሰም ነበር፣ ግን ሰሟቸው። የላይኛው ቤት በሩን አልከፈተም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

በ2011 ዓ.ም. ባልደረባችን ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ በምክር ቅጻችን ግርጌ «አናውቅም» የሚል መስመር እንዲገባ አስወሰኑ፤ ምክር የሚጽፍ ባለሙያ ሁሉ ያላወቀውን እዚያ ላይ ያሰፍራል። የወቅቱ የጣቢያ ኃላፊ፣ ምክር ጣቢያ አናውቅም ካለ ሰው ለምን ይመጣል ብለው ተቃውመው ነበር። የባልደረባችን መልስ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ ሰፍሯል፦ «እኛ አናውቅም ካልን እሱ የሚያውቀውን ይነግረናል።» ሁለተኛ፣ ጣሳ ተሸክመው ከድልድዩ ወዲያ ወጡ። አሥራ ስድስት ቤቶች ተቀበሏቸው። በአሥራ ሰባተኛው ቤት አጥር ላይ፣ በውጭ በኩል ባለው ምሰሶ፣ ማንንም ሳይጠሩ አንድ ጣሳ ሰቅለው ተመለሱ።

ያ ቤት ለምን እንዳስፈለገ እንግለጽ። ደመናው ወደ ላይኛው ሰፈር የሚገባው በሸንተረሩ በኩል ነው። የቀሩት ቤቶች ከሸንተረሩ ሥር የተጠለሉ ስለሆኑ፣ የእነሱ ልክ ብቻውን በላይኛው ሰፈር ያሉትን የስልሳ ቤተሰቦች የዘር ጊዜ ለመወሰን አይበቃም ነበር። ከዚያ ወዲህ በወጣው በእያንዳንዱ ዓመታዊ ሠንጠረዥ ላይ «የላይኛው ቤት» የሚል ረድፍ አለ፤ በየዓመቱ ባዶ ነው። በየዓመቱም በላይኛው ሰፈር ምክር ግርጌ «አናውቅም» ተብሎ ተጽፏል። ስልሳው ቤተሰብ የሚዘራው በግምት ነበር፤ አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ አይሳካም።

ጣሳው ሲዝግ ባልደረባችን ክረምት ሳይገባ ሄደው ይቀይሩታል። ከዚያ ቤት ጣሳውን የነቀለ የለም፤ ደብተር የላከም የለም። በር አንኳኩተው ለምን አይጠይቁም ስንላቸው «በምን ዓይኔ?» ይሉን ነበር። ዶሮ ምን ያህል ውሃ እንደምትጠጣ የጠየቁ ሰው ይህን አንድ ጥያቄ መጠየቅ አቃታቸው። ነገሩ ያንገበግባቸው ነበር። እኛንም ያንገበግበናል፤ ከመካከላችን አንዱ ሄዶ ቢጠይቅላቸው ምን ነበረበት?

ባለፉት ስድስት ወራት ሕመሙ ሲጠናባቸው፣ ነርስ የሆነችው ልጃቸው የየቤቱን ልክ በስልክ እየተቀበለች ታነብላቸው ነበር። የግሉኮሱ ጠብታ በደቂቃ ስንት እንደሆነ፣ ከተባለው ልክም ለምን እንደሚለይ ሐኪሞቹን ጠይቀው መልሱን ደብተራቸው ላይ አስፍረዋል። መልሱ ያጠገባቸው አይመስልም፤ ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አለ። ልጃቸው እንደነገረችን፣ በመጨረሻው ሳምንት አንብባ በጨረሰች ቁጥር «ከላይስ የመጣ ነገር የለም?» ይሏት ነበር። የለም ትላቸዋለች።

ቀብሩ በተፈጸመ በሦስተኛው ቀን፣ የሐዘን መዝገቡ ወደተቀመጠበት የጣቢያው አዳራሽ የላይኛው ቤት አባወራ መጡ። ጫማቸው ጭቃ ነበር፤ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። መዝገቡ ላይ አልፈረሙም። ፌስታሉን ፈትተው ሰባት ደብተሮች ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ከ2011 እስከ ዘንድሮ፣ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ አንድ ቀን ሳይጎድል ተለክቷል። ላልዘነበበት ቀን እንኳ ዜሮ ተጽፎለታል። ለተረኛው ሠራተኛ የተናገሩትን እንዳለ እናቀርባለን፦

«ስጠኝ ብትለኝ እሰጣት ነበር። ጣሳ ልትቀይር ስትመጣ በመስኮት አያታለሁ፤ ዛሬስ ትጠራኛለች እላለሁ፣ ዝም ብላ ትሄዳለች። አገሩን ሁሉ ስትጠይቅ እኔን ብቻ ዘለለችኝ። እኔም ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ እሷ ካልጠየቀች አልሰጥም ብዬ ይኸው ሰባት ዓመት። አሁን ይጠቅማል እንዴ?»

ይጠቅማል። የማሳ ምክር ክፍሉ ሁለት ቀን ተቀምጦ ልኮቹን ወደ ሠንጠረዡ ገልብጧል። ከተሟሉት ስድስት ክረምቶች በአምስቱ ዝናቡ ሸንተረሩ ላይ የገባው ከታችኛው ሰፈር ዘጠኝ ቀን ያህል ቀድሞ ነው። ከእንግዲህ የላይኛው ሰፈር የታችኛውን ጣሳ አይጠብቅም። የዘንድሮው የስልሳ ቤተሰቦች የዘር ጊዜ ምክር ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ዝናብ ልክ ተዘጋጅቶ በመጪው ሰኞ በድልድዩ ራስ ላይ ይለጠፋል። ረድፉ ሞልቷል። እርሳቸው ግን አላዩትም።

የሰባተኛው ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ የቀብሩ ዕለት ልክ ሰፍሯል፦ «ረቡዕ፣ አራት ሚሊሜትር። እኔ ለቀብር ወርጄ ነበር፤ የለካችው ባለቤቴ ናት።»

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለእህት ወንድሞቻቸው፣ አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉና አጥራቸው ላይ ጣሳ ለሰቀሉ ቤተሰቦች መጽናናትን እንመኛለን። ለላይኛው ቤት አባወራም እንዲሁ፤ ከሐዘንተኞች ተራ የቆጠርናቸው በስህተት አይደለም።

ለሕዝብ ማሳወቅ ያለብን አንድ ጉዳይ ቀርቷል። በ2014ቱ ደብተር ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ጥያቄ ተገኝቷል፦ «ደመናው እኛ ጋ ቀድሞ ዘንቦ ታች የሚዘገየው ለምንድን ነው? እሷ ስትመጣ ትጠየቅ።» ጥያቄው በደንቡ መሠረት ለማሳ ምክር ክፍል ተመርቷል። ክፍሉም ኃላፊዋ በሌሉበት፣ በቅጹ ግርጌ፣ እርሳቸው ባስገቡት መስመር ላይ መልሱን ጽፏል፦ አናውቅም። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንለካለን።