ሶፋ ስር የገባችው ኳስ

እቴቴ፣

ማሙሽን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጋ ትቼዋለሁ። ከሥራ ስትመለሺ ውሰጂው። በልቷል።

ያ የገዛሽለት የሚናገር ድብ አልተበላሸም፤ ባትሪውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ እሱ ሲለፈልፍ ልጅሽ መቼ ተራ ይደርሰዋል? ኳሷ ትበቃዋለች። ሶፋ ስር ታንከባልያታለሽ፣ «ነይ» ብለሽ ትጠሪያታለሽ፣ ከዚያ እሱ ራሱ «ነይ» ለማለት እስኪሞክር ዝም ትያለሽ። ዝም ማለት እንደማይሆንልሽ አውቃለሁ።

«ሞግዚት እስካገኝ ብቻ ልጄን ያዢልኝ» ብለሽኝ ነበር። ይኼው ማሙሽ ድሆ፣ ቆሞ፣ ሄደ፤ እኔ ግን ከዚህ ሳሎን ንቅንቅ አላልኩም።

ዛሬ ጠዋት አንቺ እንደወጣሽ ልሄድ ነበር። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ አፌ እምቢ እያለኝ ነው፤
ለዚህ ይቅርታ።

ልጁን ለሰፊዋ ላስረክብ ብዬ ሻንጣዬን ይዤ በሩን ስከፍት፣ እስከ ዛሬ አንድ ቃል ያልወጣው ልጅ ከኋላዬ «ነይ» አለ።

ዞር ስል ኳሷ እጁ ላይ ነበረች።

አሁን የወጣሁት የአውቶቡስ ትኬቴን ልመልስ ነው። ማታ እመጣለሁ።
ሻንጣዬ አልጋ ስር ነው። አልፈታሁትም።