ሃያ ዘጠነኛው ገጽ

ውድ ሙጂብ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደኅንነትህን ከእህትህ ከዘምዘም ሰምቻለሁ። የምጽፍልህ ሰባት ዓመት የደበቅኩህን ነገር ልነግርህ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀን ሸዋ ሮቢት በተመለስንበት ዓመት «ላግባሽ» ስትለኝ ቁጥር ሰጠሁህ። አንድ ሚሊዮን ሰባት። «ከአንድና ከራሱ ሌላ ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ካገኘህለት እሺ እላለሁ። ስልክ አይነካም፤ በእጅህ ብቻ» አልኩህ። መኖር አለመኖሩን እኔም አላውቅም ነበር። አንተ ግን ሳቅ ብለህ «ረመዳን ሊገባ አይደል? በየቀኑ አንድ ቁጥር እይዛለሁ» አልከኝ።

በአባትህ የማሾ መጋዘን ደጃፍ ተቀምጠህ፣ በዚያ ሙቀትና በዚያ ጥም፣ መግሪብ እስኪደርስ ታካፍል ነበር። ለአንድ ቀን አንድ ገጽ፤ በሁለተኛው ቀን ለሁለት፣ በሦስተኛው ለሦስት። ለአራትም አካፍለኸዋል! ጎዶሎ ቁጥር ለአራት ይካፈላል እንዴ፣ የኔ ሞኝ? አባቴ በዚያ ባለፉ ቁጥር «ይሄ ልጅ የማንን ውርስ ነው የሚያካፍለው?» ሲሉ ሳቄን እውጥ ነበር።

ከዒድ በኋላ በቀን ብዙ ብዙ እየያዝክ ከሠላሳ ቀጥለህ አንድ ሺህ ደረስክ። ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም፤ ከሺህ የሚበልጥ አካፋይ ቢኖረው ከሺህ የሚያንስ ጓደኛ አይጠፋውም። ደብተሩን ይዘህ መጣህና «ናጅዋ፣ የለውም። ቁጥሩም እንዳንቺ ግትር ነው» አልከኝ። ደብተሩን ትተህልኝ በሳምንቱ ለሥራ ሰመራ ገባህ።

በሰጠኸኝ ቀን ገለጥኩት። ሃያ ስምንተኛው ገጽ ላይ ሂሳብ አለ። ሃያ ዘጠነኛው ላይ «ጨረቃ ታየች! ዒድ ሙባረክ!» ከሚለው በቀር ምንም የለም። ያን ዕለት ሰው ሁሉ በጊዜ ጨረቃ ፍለጋ ሜዳ ሲወጣ አንተም ወጣህ። ጾሙ በሃያ ዘጠኝ አለቀ፤ ዒድን አክብረህ ስትመለስ ከሠላሳ ቀጠልክ። እስክሪብቶ አነሳሁና ለሃያ ዘጠኝ አካፈልኩት። ሠላሳ አራት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ደረሰ፤ ቀሪ ዜሮ። ከሁለት እስከ ሺህ ካሉት ሁሉ የሚያካፍለው ያ የዘለልከው ቁጥር ብቻ ነበር።

ልጠራህ እችል ነበር። መናኸሪያው ከቤታችን በባጃጅ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ግን የገዛ ቃሌን ፈራሁት። ገና የራሴን ሥራ ሳልይዝ ሚስት መሆን ከበደኝና ዝም አልኩ። አንተን የመሰለ ሰው በዝምታ ሸኘሁ። አሁን እዚሁ ሂሳብ አስተምራለሁ፤ ማካፈል ላይ በደረስኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

ባለፈው ጁምዓ ዘምዘምን ገበያ አገኘኋትና እንደ ዘበት ስላንተ ጠየቅኳት። «ሙጂብማ መች አገባ! የጋብቻ ነገር ሲነሳበት ‹እኔን ቁጥር ነው የጣለኝ› ይላል» አለችኝ። ቁጥሩስ ምንም አላደረገህ፤ የጣልኩህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።

ዘምዘም ወደ አንተ ስትመጣ ደብተርህን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታደርስልሃለች። ሃያ ዘጠነኛው ገጽ ላይ፣ ስለ ጨረቃዋ ከጻፍከው ሥር፣ ሂሳቡን በእጄ ሠርቼዋለሁ። ተቀይመኸኝ ከሆነ ደብተሩን አስቀርና ዝም በለኝ፤ ይገባኛል። ቃሌ ግን ያኔ እንዳልኩህ ነው፤ አካፋዩም ተገኝቷል።

እሺ።

ናጅዋ አብዱልሀኪም
ሸዋ ሮቢት